ስካን አድርጎ መተው

«ስካን ተደርጓል እኮ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚል መልስ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ወሬው ስለ ድሮ መጽሔት ይሁን፣ ስለ ጋዜጣ ወይም ስለ ፎቶ አልበም፣ ሁሌ እዚችው ላይ ያልቃል። ፎቶው ተነሥቷል፣ ፋይሉ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገብቷል፣ በቃ ተረፈ! ዛሬ ይህን ነገር በኮሚክ መጻሕፍት በኩል ላሳያችሁ ፈልጌ ነው። ኮሚክ ሥዕልም ጽሑፍም ስለሆነ የስካንን ጉድ እንደሱ የሚያጋልጥ የለም።

(መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። እኛ ጋ «ኮሚክ ነህ» ማለት «ታስቃለህ» ማለት ነው። እዚህ የማወራው ግን በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሎ፣ ከሰዎቹ አፍ ንግግሩ በፊኛ እየወጣ ስለሚተረከው ሥዕላዊ ታሪክ ነው። ሱፐርማን፣ የቤልጂጉ ቲንቲን፣ የጃፓኖቹ ማንጋ። ዓመቶቹ ደግሞ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ ሰው ልጀምር። ቢል ብላክቤርድ ይባላል፣ ካሊፎርኒያ የኖረ አሜሪካዊ ነው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ጥራዞቻቸውን በማይክሮፊልም እያነሡ ወረቀቱን ያስወግዱ ነበር። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ርካሽ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው አሲድ ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ይወይባል፣ በመጨረሻም በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ቦታም ይፈጃል። ፊልሙ ደግሞ የስንት ዓመት ጋዜጣ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ያስቀምጣል። ታዲያ በጀት የሚያሳድደው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ምን ይበል?

ግን ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። የእሑድ ጋዜጣ ኮሚኮች ደግሞ በሙሉ ቀለም፣ አንዳንዴም ትልቁን ገጽ ሞልተው የሚወጡ ነበሩ። ፊልሙ ላይ ቀዩም ሰማያዊውም ያው ግራጫ ሆኑ፣ ደቃቁ ፊደል ተድበሰበሰ። ብላክቤርድ የእነዚህን ኮሚኮች ታሪክ መጻፍ ፈልጎ ጥራዞቹን ሲያሳድድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ መጣል እንጂ ለግለሰብ መስጠት እንደማይችሉ ተነገረው። ስለዚህ በ1968 «የሳን ፍራንሲስኮ የኮሚክ ጥበብ አካዳሚ» የሚል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመ። ስሙ ግዙፍ ነው፣ አካዳሚው ግን የራሱ መኖሪያ ቤት ነበር! ጥራዞቹን እየተቀበለ፣ ኮሚኮቹን እየቆረጠና እየለየ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠራ። ስብስቡ በ1998 ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ 75 ቶን መዘነ፣ ስድስት ትልልቅ ተሳቢ መኪና ፈጀ። ዛሬ የአሜሪካን የጋዜጣ ኮሚክ በቀለሙ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው እዚያ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚያን ጥራዞች ያስወገዱት ሰዎች ወረቀት የሚጠሉ መሃይሞች አልነበሩም። የተማሩ ባለሙያዎች ናቸው። «ተነሥቷል፣ አለቀ» ብለው ነው የጣሉት። በዘመናቸው ማይክሮፊልም ማለት የዛሬው ስካን ማለት ነበር።

ዛሬማ ቀለም አለን፣ ጥራት አለን ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ስካን የሚያደርገው ሰው ግን ምን ይመርጣል? «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1ን እንውሰድ። በ1938 በ10 ሳንቲም የተሸጠ፣ ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት፣ ዛሬ አንዷ ቅጂ በሚሊዮን ዶላር የምትሸጥ መጽሔት ናት። የሱፐርማን ታሪክ በውስጧ ስንት ገጽ ይይዛል መሰላችሁ? 13 ገጽ። መጽሔቷ ግን ከ60 ገጽ በላይ ናት፤ የቀረው ዛሬ ማንም የማያስታውሳቸው የሌሎች ጀግኖች ታሪክ፣ ተራ ጽሑፍና ማስታወቂያ ነው። ያኔ 10 ሳንቲሙን የከፈለው ልጅ የገዛው ያን ሁሉ ነው። በኋላ በየጊዜው በሚታተሙት የክብር ጥራዞች የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያቺው 13 ገጽ ናት፣ ያውም ቀለሟ በአዲስ ተቀብቶ።

እኔ ከኮሚክ ውስጥ በጣም የምወደው ማንም የማይፈልገውን ገጽ ነው። የአንባቢ ደብዳቤዎች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ የአሜሪካ ኮሚክ አዘጋጆች የደብዳቤ ጸሐፊዎችን ሙሉ አድራሻ ማተም ጀመሩ። (ዛሬ ቢሆን «የግል መረጃ» ተብሎ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነገር ነው።) በዚያ አድራሻ አንዱ ከተማ ያለ ልጅ ለሌላው ጻፈ፣ ተዋወቁ፣ የራሳቸውን በራሪ መጽሔት አባዙ፣ ስብሰባ ጠሩ። አሁን የምናየው በመቶ ሺህ ሰው የሚታደም የኮሚክ ጉባኤ አንዱ ሥሩ ያቺ የደብዳቤ ገጽ ናት። ማስታወቂያዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ጡንቻ አሳብጥልሃለሁ የሚለው ቻርልስ አትላስ፣ በውኃ ሲነከሩ ሕይወት ይዘራሉ የተባሉት «የባሕር ጦጣዎች»። ልጁ ምን ይመኝ እንደነበር፣ ምን ያፍር እንደነበር እዚያ ነው የሚነበበው።

ሌላም አለ። በፖስታ ቅናሽ የሚላክ የአሜሪካ መጽሔት በዓመት አንድ ጊዜ የባለቤትነት መግለጫ ማተም ግዴታው ነው፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ መግለጫው ስንት ቅጂ እንደታተመና ስንት እንደተሸጠ ይናገራል። በኮሚኮቹ ውስጥ በደቃቅ ፊደል፣ ገጽ ጥግ ላይ ተሸጉጦ ይገኛል። የዚያን ዘመን ሽያጭ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬ የሚለቅሙት ይህንኑ ነው። «ታሪኩን ብቻ ስካን አድርጌያለሁ» ያለው ወዳጃችን የጣለው እንግዲህ ይህን ነው። ደግነቱ የቅጂ መብታቸው ያልታደሰ የድሮ ኮሚኮችን በነጻ የሚያስቀምጡት እንደ ዲጂታል ኮሚክ ሙዚየም ያሉ የበጎ ፈቃደኞች ስብስቦች ብዙ ጊዜ ከሽፋን እስከ ሽፋን ነው የሚያነሡት። ባርኔጣዬን አንሥቼላቸዋለሁ።

አንዳንዱ ደግሞ ገጹን «ያጸዳል»። የወየበውን ወረቀት ነጭ ያደርገዋል፣ የድሮ ማተሚያ የተዋቸውን የቀለም ነጠብጣቦች ያስተካክላል። ለዓይን ያምራል፣ ለጥናት ግን ውሸት ነው። ያጸዳህ እንደሆነ ያልጸዳውንም አብረህ አስቀምጥ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሁሉም ገጽ ተነሣ፣ ቀለሙም ተጠበቀ እንበል። ያለን ምንድን ነው? በኢንተርኔት የሚዘዋወረው የኮሚክ ፋይል በአብዛኛው ሲቢዜድ ወይም ሲቢአር ይባላል። ስሙ የሆነ ረቂቅ ነገር ይመስላል እንጂ ዚፕ ወይም ራር የተደረገ የፎቶ ክምር ነው፣ በቃ። ማሽኑ ገጽ 7 ላይ ማን ማንን እንዳናገረ አያውቅም። ገጽ 7 ላይ ሰው መኖሩንም አያውቅም። አሥር ሺህ እትም በዚህ መልክ የሰበሰበ ሰው «ሴቶች በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ስንት ጊዜ ይናገራሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ያው ነው፦ ቁጭ ብሎ አሥር ሺውንም ማገላበጥ።

«ፊደሉን የሚያነብ ፕሮግራም አለ አይደል?» አለ። ግን አንድ ሣጥን በዓይነ ሕሊናችሁ ሣሉልኝ። ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው በለስላሳ ክብ ፊኛ ውስጥ «እመነኝ ወንድሜ» ይላል። ከራሱ በላይ ደግሞ የደመና ቅርጽ አለ፣ ውስጡ «ይሄ ሞኝ» ይላል። ኮሚክ ያነበበ ልጅ ሁሉ ክቡ በአፍ የተነገረው፣ ደመናው በልብ የታሰበው እንደሆነ ያውቃል። ፊደል አንባቢው ፕሮግራም የሚሰጣችሁ ግን «እመነኝ ወንድሜ ይሄ ሞኝ» የሚል አንድ መስመር ነው። ክህደቱ ጠፋ! ታሪኩ ደግሞ ክህደቱ ነበር።

ኢንኮድ ማድረግ የሚባለው ይህን ነገር መልሶ መጻፍ ነው። ጽሑፉን ትጽፋለህ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ነገር ምልክት ታደርግበታለህ፦ ይህ ሣጥን ነው፣ በውስጡ እነ እገሌ አሉ፣ ይህ ፊኛ የእገሌ ነው፣ ዓይነቱ ንግግር ነው፣ ያኛው ሐሳብ ነው፣ ከላይ ያለው የተራኪው ድምፅ ነው፣ «ድው!» የሚለው ደግሞ የምት ድምፅ ነው። ለዚህ የተሠራ ሥርዓት አለ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ጆን ዎልሽ ያዘጋጀው ነው፣ ሲቢኤምኤል ይባላል፣ የኮሚክ መጽሐፍ ምልክት ቋንቋ ብንለው ይሆናል። ከባዶ አልተነሣም፤ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ሰዎች ከ1987 ጀምሮ ለግጥም፣ ለድራማና ለጥንታዊ ጽሑፍ ሲያዳብሩት በቆየው በቲኢአይ ላይ ነው የተሠራው። ደስ ያለኝ ነገር፣ ለሣጥንና ለፊኛ ብቻ ሳይሆን ለማስታወቂያውና ለደብዳቤ ገጹም ቦታ አለው።

«ይሄ ሁሉ ለቀልድ መጽሐፍ?» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። በዚህ ነገር የሰው እንጀራ ተዘግቷል እኮ። በ1948 በአሜሪካ አንዳንድ ከተሞች ልጆች ተሰብስበው ኮሚክ እንዲያቃጥሉ ተደርጓል። በ1954 ደግሞ ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ቀርቦ መሰከረ፣ አሳታሚዎቹም ደንግጠው ራሳቸውን የሚገድቡበት የሳንሱር ደንብ አወጡ። መጽሔቶች ተዘጉ፣ ሠዓሊዎች ሥራ አጡ። ሐኪሙ ማስረጃዬ የሚለው ከሕሙማን ልጆች የሰማውንና ከኮሚኮቹ የመረጠውን ነበር።

የዌርታም የግል ሰነዶች በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ለተመራማሪ የተከፈቱት በ2010 ነው። ካሮል ቲሊ የምትባል የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ገብታ ማስታወሻዎቹን ከመጽሐፉ ጋር አስተያየች። በ2012 ያሳተመችው ጥናት እንደሚያሳየው ሰውዬው የልጆቹን ቃል ለውጧል፣ ዕድሜያቸውን ቀያይሯል፣ ለሐሳቡ የማይመቸውን ትቷል። 58 ዓመት ቆይቶ! እርግጥ እሷ የያዘችው የሐኪሙን ማስታወሻ ነው፣ ኢንኮድ የተደረገ ኮሚክ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ግማሽ ነው። ያኔም ሆነ ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ «እነዚህ መጻሕፍት በግድያ የተሞሉ ናቸው» ቢል፣ ሌላው ቆጥሮ «በዚህ ዓመት ከወጡት ውስጥ ይህን ያህሉ እንዲህ፣ ይህን ያህሉ እንዲያ ናቸው» ማለት መቻል አለበት። የፎቶ ክምር ይህን አያስችልም። የፈለገ ሰው የፈለጋትን አንዲት ሣጥን ቆርጦ ያሳያችኋል፣ ሕዝብም ይደነግጣል። በፌስቡክ በየቀኑ የምናየው አይደል እንዴ?

«አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠራዋል፣ ምን ያደክመናል» የሚለው አዲሱ መልስ ነው። ደስ ይለኛል፣ ይሥራ። ግን ማሽኑን ማን አስተማረው? የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማንጋ109 የሚባል ስብስብ አላቸው። በደራሲዎቹ ፈቃድ የተሰበሰበ 109 ጥራዝ፣ ከ21,000 በላይ ገጽ ነው። በእነዚህ ገጾች ላይ ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዱን ሣጥን፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ፣ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ፊትና አካል በእጃቸው ከበቡ። ከ500,000 በላይ ምልክት ሆነ። ፈረንሳይ ላ ሮሼል ዩኒቨርሲቲ በ2013 ያወጣው ስብስብ ደግሞ 100 ገጽ ብቻ ነው፣ ግን በዚያ ውስጥ 850 ሣጥንና ከ1,000 በላይ ፊኛ አንድ በአንድ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ዛሬ ኮሚክ «የሚያነቡ» ፕሮግራሞች ከእንዲህ ዓይነቱ የሰው ላብ ነው የተማሩት። ሰው ያልለፋበት ቋንቋና ፊደል ላይ ማሽኑ ይንተባተባል፤ በእጅ የተጻፈ አማርኛ የሰጣችሁት ሰው ይህን ያውቀዋል።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ሁሉም ነገር እስከ መጨረሻው ኢንኮድ ይደረግ አይደለም፤ ያ ዕድሜም አይበቃው። ሁሉም ከሽፋን እስከ ሽፋን ይነሣ፣ ወረቀቱ አይጣል፣ ከውስጡ ደህና ተመርጦ ጥቂቱ በጥልቀት ይጻፍ። የመጀመሪያውን ሣጥን ማሽን ይክበብ፣ ሰው ያርም።

ደግሞ የማይጻፍ ነገርም አለ። በሁለት ሣጥኖች መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት። በመጀመሪያው ሣጥን መጥረቢያ ተነሥቷል፣ በሁለተኛው ከከተማው በላይ ጩኸት ይሰማል። ግድያውን ማን ሣለው? ማንም፤ አንባቢው ነው የፈጸመው። ስኮት ማክላውድ በ1993 ባወጣው ኮሚክን በኮሚክ የሚያስረዳ መጽሐፉ ስለዚህ ክፍተት ብዙ ብሏል። ለዚህ ምን ምልክት ታደርጋለህ? ኢንኮድ የሚያደርግ ሰው እያንዳንዷ ምልክት ፍርድ መሆኗን ማወቅ አለበት። ገጹን የሞላው «ድው!» ጽሑፍ ነው ወይስ ሥዕል? ጀርባውን ያዞረው ሰውዬ እገሌ ነው ብለህ ትጽፋለህ ወይስ «ያልታወቀ»? ሁለት ተማሪ ብታስቀምጥ ሁለት መልስ ይሰጡሃል። ለዚህ ነው ምስሉ ከምልክቱ ጎን መቀመጥ ያለበት፣ የሚቀጥለው ሰው እንዲከራከር።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ አይደለም። ቸርችል ጎዳና ያሉትን የስጦታ ዕቃ ሱቆች አስቡ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራ ላይ ተሥሎ የሚሸጠው አለ አይደል? ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን ነው፤ ከዘንዶው ንጉሥ ይጀምርና በሰሎሞን ቤት አልፎ በምኒልክና በታቦተ ጽዮን ያልቃል። በየሣጥኑ የአማርኛ መግለጫ ይጻፍበታል። በሣጥን የተከፋፈለ፣ ጽሑፍ ያለው፣ በቅደም ተከተል የሚነበብ! ይህ ኮሚክ ካልሆነ ምን ኮሚክ ነው? ሆኖም ፎቶ ተነሥቶ «የንግሥተ ሳባ ሥዕል፣ አንድ» ተብሎ ቢመዘገብ 44ቱም መግለጫዎች ዲዳ ሆኑ ማለት ነው። አንዱ ሠዓሊ የውኃውን ትዕይንት እንዴት እንደገለጸው፣ ሌላው የትኛውን ቃል እንደቀየረ፣ አንዱ የዘለለውን ሣጥን ሌላው ለምን እንደጨመረ የሚያነጻጽር ሰው ከሱቅ ሱቅ በእግሩ መዞር ይኖርበታል።

መሣሪያው ደግሞ አለ። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ነው። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት ከ2016 ጀምሮ የብራና መጻሕፍቶቻችንን መግለጫ የሚጽፈው ቅድም ባልኳችሁ በቲኢአይ ነው፣ የአሜሪካው ኮሚክ በሚጻፍበት በዚያው ሥርዓት። ስለዚህ ግዕዝ ለሥርዓቱ እንግዳ አይደለም። ብራናው ክብር ስላለው ደረሰለት፣ የስጦታ ሱቁ ሥዕል ግን «የቱሪስት ዕቃ» ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የእሑዱን ኮሚክ ያዩት በዚሁ ዓይን ነበር። አሁን ደግሞ «ጀምበር»ን የመሰለ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ የራሳችን ልዕለ ጀግና ኮሚክ አለን። አንዱ ሣጥን፣ ሁለት ቋንቋ። ጀግናው በአማርኛ «አንተ» ያለውን ሰው በእንግሊዝኛ ምን አለው? «እርስዎ» የሚለው የት ገባ? ኢንኮድ የተደረገ ዕለት የቋንቋ ተማሪ ሁሉ የሚጫወትበት ነገር ነው፣ ያውም ባለቤቶቹ በሕይወት እያሉ፣ ፈቃድ መጠየቅ እየተቻለ።

እስከዚያው ሳሎናችሁ ውስጥ የሳባን ሥዕል የሰቀላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁና ወላጆቻችሁ ጠቅልለው ያመጡላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሙሉውን አንዴ አንሡት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሣጥን ለየብቻው አንሡ። መግለጫውን እንደተጻፈ፣ የፊደል ግድፈቱን ሳታርሙ፣ በተራ ቁጥር ጻፉት። የት፣ መቼ፣ ከማን እንደተገዛ እናታችሁን ጠይቋት፣ እሷ ታስታውሳለች። ከዚያ ሸራውን ገልበጥ አድርጋችሁ ጀርባውንም አንሡ፣ ሠዓሊው ስሙን የጻፈው እዚያ ሊሆን ይችላል።